ዘይነባ ወገብ ጋ ወራጅ አለ

ከሚሴ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ከመጽሐፍ በፊት ያነበበው የእኔን ጽሑፍ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እውነቱ የሚያኮራ ሆኖ ከተገኘ እኔ ምን ላድርግ? ከከተማው መግቢያ እስከ መውጫው የተሰቀለውን ታፔላ አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥጋ ቤት ብትሉ፣ ልብስ ስፌት ብትሉ፣ ጎሚስታ ብትሉ፣ የእኔ ብሩሽ ያልነካው ግድግዳ ካለ ባለቤቱ ቸልተኛ ነው።

መምህር አልነበረኝም። ፊደል የቆጠርኩት ጆንያ ተሸካሚ ሳለሁ በስኳር ጆንያና በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ጓደኞቼ ሸክሙን በትከሻቸው ብቻ ሲያወርዱ እኔ በዓይኔ ጭምር አወርድ ነበር። ሥዕል ያስተማረችኝ ደግሞ ፍየል ናት። ፍየል ቆማ አትጠብቅም፤ ፍየል መሳል የቻለ ሰው ቆሞ የሚጠብቀውን ነገር ሁሉ መሳል ይችላል። ከተማው "ኢንጅነር" ይለኛል። ሲጠሩኝ ፈገግ የሚሉ አሉ፤ የአክብሮት ፈገግታ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ዕድሜዬ ስድሳን ከተሻገረ ቆይቷል፤ ያን ሁሉ ጆንያ ተሸክሜ ወገቤን አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትፈለጋለች።

አንድ ልማድ ብቻ አለኝ። ሴት ስስል ከብሩሼ የሚወጣው አንድ ፊት ነው፤ የሚስቴ የዘይነባ ፊት። በተጋባን በዓመቱ ለአንድ ሱቅ ሳሙና ይዛ የምትስቅ ልጅ ሳልኩ፤ ዘይነባ ነበረች። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ፀሐይና ዝናብ ልጅቷን ከታፔላው ላይ አጠቧት፤ ሳሙናው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይታይ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባጃጅ ወደ ከተማችን መግባት በጀመረበት ዓመት ገደማ ነው። ጀማል የሚባል የሰፈራችን ልጅ በአስፋልቱ ዳር መድኃኒት ቤት ከፈተና የወገብ ቅባት አመጣ።

"ኢንጅነር፣ ወገቧን የያዘች ሴት ሳልልኝ" አለኝ።

"ወንድ ለምን አይሆንም? እዚህ ከተማ ጆንያ የሚሸከመው ወንድ ነው።"

"ወንድ ሲያመው ይቆጣል እንጂ ቅባት አይገዛም። ሴት ትሁን። ደግሞ እናት ትሁን፤ ልጃገረድ ወገቤን ብትል ማን ያምናታል?"

የፈለገው ሁለት ሥዕል ነበር፤ በአንዱ ሴትዮዋ ስትታመም፣ በሌላው ተቀብታ ስትስቅ። የተገኘው ላሜራ ግን አንድ ነው። "ሕመሙን አሁን ስቀልልኝ፤ ሳቁ ሁለተኛው ላሜራ ከኮምቦልቻ ሲመጣ ይደርሳል" አለ። ያ ላሜራ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

እኔ ሳላጠና አልሠራም። ሦስት ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተመለከትኩ። ሌላው ማስታወቂያው አልቆ ዜናው እንዲመጣ ይጠብቃል፤ እኔ ዜናው አልቆ ማስታወቂያው እንዲመጣ እጠብቃለሁ። ማንም ያላስተዋለውን ነገርም አስተዋልኩ። ልጃገረዷ ሳሙና ይዛ ትስቃለች፣ ጸጉሯን ትነሰንሳለች፣ ለስላሳ ትጠጣለች። ከዚያ ድንገት ወገቧን ይዛ ትመጣለች። በመካከሉ ያለው ሠላሳ ዓመት የት እንደዋለ የሚጠይቅ የለም። አንዳንዴ ብቻ ዘይት ይዛ ድስት ላይ ጎንበስ ስትል ትታያለች፤ ምናልባት ወገቧ የተያዘው እዚያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወጡን የሚቀምሰው ባሏ ደግሞ ወገብ የለውም፤ ጥርስ ብቻ ነው ያለው።

ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ ያገኘሁትም እኔ ነኝ። ነገር ግን ግኝት ሌላ፣ ሥራ ሌላ። ግኝቴን ኪሴ ከትቼ የሚሳል ወገብ ፍለጋ ወጣሁ።

ወገቡ ያለው እኔው ቤት ነበር። ዘይነባ ያን ጊዜ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ሥራዋ ፍየል ነው። የጨፋ ሮቢት ዙሪያ ገበሬዎች ፍየላቸውን አምነው ይሰጧታል፤ እሷ በአይሱዙ ጭና ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ትሸጥላቸዋለች። ሃያ ዓመት ሠርታበታለች። ገበሬው የሚያምነው ደግሞ ግራ እጇን ነው። ዘይነባ ስትከራከር ቀኝ እጇ ይወራጫል፣ ይምላል፣ ይለማመጣል። ግራ እጇ ወገቧ ላይ ካረፈ ግን ነገር አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው አይወርድም። የባቲ ገዢ ሁሉ ያውቀዋል። እጇን አይቶ ወይ ይገዛል፣ ወይ ይሄዳል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ያን ቀን ከአይሱዙ ሾፌር ጋር ስትከራከር ደረስኩ። ግራ እጇ ወገቧ ላይ ነው፤ ጥርሷን ነክሳለች፤ ዓይኗ ጠቧል። ካርቶን ቀደድኩና እዚያው ቆሜ ሳልኳት።

አንድ የሙያ ምስጢር ልንገራችሁ። ቁጣና ሕመም አንድ ፊት ናቸው። ልዩነታቸው ቅንድብ ላይ ነው፤ የቅንድቡ የውስጥ ጫፍ ወደ ታች ከወረደ ቁጣ፣ ወደ ላይ ከወጣ ሕመም። ላሜራው ላይ ሁለት ጊዜ ብሩሼን ነካ ሳደርግ፣ የባቲን ገበያ የሚያስጨንቀው ፊት "ኧረ ድረሱልኝ" የሚል ፊት ሆነ። ወገቧ ላይ በቀይ ቀለም እሳት አነደድኩ። ከሥር "ወገብዎ እንዲህ ያደርግዎታል?" ብዬ ጻፍኩ። በሁለት ቀን ተኩል ጨረስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳምንት ይፈጅበታል።

ታፔላው ሲሰቀል ዘይነባ ፍየል ልትሰበስብ ወደ ገጠር ወጥታ ነበር። ሰው ከሥሩ ቆሞ ከንፈሩን ሲመጥ አየሁ። ጥበቡ አስደንቆት ነው ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ሠሪ ሥራው ሥር አይቆምም።

በማግስቱ ጎረቤታችን መሬማ ማር በጣሳ ይዛ መጣች።

"አካም ቡልቴ ኢንጅነር፣ እንዴት አደርክ? አየሁት እኮ! አየሁትና እንቅልፍ አጣሁ።"

"ብዙ ሰው እንዲህ ብሎኛል" አልኳት።

"እንዴት ቻልከው?"

"ልምድ ነው።"

"ምስኪን! ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ቀን ተኩል።"

መሬማ አየችኝ፣ ወደ ጓዳው አየች፣ ማሩን አስቀምጣ "ረቢ ይሁናችሁ" እያለች ወጣች። ከሰዓት በኋላ ቅቤ መጣ። በነጋታው ዶሮ መጣ። ከተማው በመጨረሻ ባለሙያውን ማክበር ጀመረ ብዬ ማሩን ቀመስኩ። ጥሩ ማር ነበር። በአራተኛው ቀን ሸህ ኑርዬ ራሳቸው መጡ። እሳቸው ነፍስ ያለው ነገር መሳሌን ስለማይወዱ እኔ ቤት አይበዙም፤ "በትንሣኤ ቀን የሳልከውን ሁሉ ነፍስ ስጠው ትባላለህ" ሲሉኝ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ቀን ግን እጄን ያዝ አድርገው "አብሽር፣ ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ እዚሁ ወዳጃ እናደርጋለን" አሉኝ። ሰው ተሰብስቦ፣ ጫት ይዞ፣ ዱዓ ሊያደርግልኝ! ለታፔላ ጸሐፊ ወዳጃ ሲደረግ ከእኔ በፊት አልተሰማም።

ቤቱ ሞላ። ሸህ ኑርዬ እጃቸውን ዘረጉ። "ያ ረቢ፣ ዘይነባን ከዚህ ደዌ አውጣት!"

"አሚን!" አለ ቤቱ።

"ወገቧን ጠግንላት!"

"አሚን!"

ጫቱ ጉንጬ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገባኝ፤ ከንፈር መምጠጡም፣ ማሩም፣ ዶሮዋም። አእምሮዬ ፈጣን ነው፤ ያን ጊዜ ብቻ አራት ቀን ዘገየ። አፌን ልከፍት ስል በሩ ተከፈተ። ዘይነባ አንድ ግልገል በዚህ ብብቷ፣ አንድ ግልገል በዚያ ብብቷ ይዛ ቆማለች።

"አሚን" አለች እሷም እንደ ደንቡ። "ማን ታሞ ነው?"

ሸህ ኑርዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንቺ።"

"ኧረ አስቀምጪያቸው!" ብላ ጮኸች መሬማ። "ወገብሽ!"

ዘይነባ ግልገሎቹን አላስቀመጠችም። እንደያዘቻቸው መጀመሪያ መሬማን፣ ቀጥሎ ሸሁን፣ በመጨረሻ እኔን አየች። እኔ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ጥፋተኛውን ለማግኘት ምስክር አይፈልግም።

እየመራኋት ሳይሆን እየነዳችኝ ወደ አስፋልቱ ሄድን። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንደርስ ሚኒባስ ቆመ። ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ "ዘይነባ ወገብ ጋ ወራጅ አለ!" አለ። ሁለት ሰው ወረደ። አንዲቷ ሴት ዘይነባን አየች፣ ታፔላውን አየች፣ "ወላሂ ቁርጥ እሷን!" ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜም መመሳሰሉ እንደተመሰከረልኝ ልብ ብያለሁ።

ዘይነባ ታፔላውን ከቅንድቡ እስከ እሳቱ አየችው። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ በዝግታ ተናገረች።

"በሃያ ሁለት ዓመቴ ሳሙና አስይዘህ ሳልከኝ።"

"ያኔም ወደውት ነበር..."

"አሁን ወገቤን አስይዘህ ሳልከኝ። በመሃል ሃያ ዓመት ፍየል ስነዳ የት ነበርክ አንተ ሰውዬ?"

ሻይ ቤት አግኝቼ ኪሴ የከተትኩት ግኝት ከኪሴ ውስጥ ሆኖ ነከሰኝ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ቁም ነገሩ የመጣው ሰኞ ነው። ዘይነባ "ና፣ የሠራኸውን እይ" ብላ ከፍየሎቹ ጋር አይሱዙው ላይ ጫነችኝ። ባቲ ወረድን። አፋሮች ሲገናኙ ሰላም ብለው አይላለፉም፤ ያዩትንና የሰሙትን አንድ ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ሬዲዮ ባትሪ ያልቅበታል፤ ዳጉ አያልቅበትም። የእኔ ታፔላ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ባቲ ደርሶ፣ ተሻግሮ ቆላ ወርዷል።

ሃመዱ የሚባል ደንበኛ አላት፤ ለዓመታት ሲከራከሯት ከኖሩት ገዢዎች ዋነኛው። ተከራከሩ። ማሉ። ቀኝ እጇ ተወራጨ። በመጨረሻ ግራ እጇን ወገቧ ላይ አሳረፈች።

ሃመዱ እጇን አየ። እንደ ወትሮው ተንፍሶ ይገዛል ስል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እህቴ፣ ተቀመጪ። ሰምቻለሁ።"

"ምን ሰማህ?"

"አትደብቂኝ። እጅ የሚሄደው ወዳመመው ቦታ ነው።" የግመል ወተት አስመጣ። "ጠጪ። ከታመመ ሰው ጋር አልከራከርም፤ ነውር ነው። በእኔ ዋጋ ስጪኝና ቶሎ ቤትሽ ግቢ።"

ሌላው ገዢም እንዲሁ። ሦስተኛው ጭራሽ ድንጋይ ጠርጎ መቀመጫ አዘጋጀላት። ከክፉ ሰው ጋር መከራከር ይቻላል፤ የሚያዝንልህን ሰው ግን በየት በኩል ትይዘዋለህ? ወተቱን ይዘን፣ ግማሹን ፍየል ሳንሸጥ ተመለስን። ከሚሴ ስንደርስ ሁለት ገበሬዎች ደጃችን ላይ ይጠብቁናል። "እንዳንጎዳሽ ብለን ነው እቴ ዘይነባ፤ አፊያ እስክትሆኚ እኛው እንይዛቸው" ብለው ፍየላቸውን ነድተው ሄዱ።

ዘይነባ ግራ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። "ይህን እጅ ለመሥራት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። አንተ በሁለት ቀን ተኩል አፈረስከው። እስከ ሰኞ መልስልኝ። ካልመለስክልኝ ባቲ አልወርድም፤ ሥራዬ አለቀ፤ ያኔ እውነትም ወገቤን ይዤ እዚህ ቤት እቀመጥልሃለሁ።"

በማግስቱ ጀማል ዘንድ ሄድኩ። "አይወርድም" አለ። "ከተሰቀለ ወዲህ ቅባት አልበቃኝም። ሕመምተኛ ይኑርበት እንጂ ማን እንደሆነ ግድ የለኝም።"

ማን እንደሆነ ግድ የለውም! መፍትሔው ገባኝ። ቀለሜን በአኳራጅ አቅጥኜ መሰላል ላይ ወጣሁና ሻሿን ጥምጣም አደረግሁት፣ አገጯ ላይ ነጭ ጺም ጨመርኩ። ግሩም ሽማግሌ ወጣው። ለዓስር ሶላት ሲጠራ ሸህ ኑርዬ ቤት ሦስት ጠያቂ ደርሷል፤ አንዱ ቅቤ ይዟል። ሸሁ ምርኩዛቸውን ይዘው መሰላሌ ሥር መጡ።

"በትንሣኤ ቀን ነፍስ ስጠው ትባላለህ ብዬህ አልነበር? ያንተ እስከዚያ እንኳ አልቆየም! አሁኑኑ አውርደኝ!"

አወረድኳቸው። መሰላሉ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። የማንን ፊት ባደርግ ያ ሰው ጠያቂ ሊያስተናግድ ነው። ባለጤናውን ሁሉ በየተራ ላሳምም አልችልም፤ ከዚህ ከተማ ሕዝብ ፊቱ በእጄ ያለ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ወርጄ የዘይነባን መስታወት ተዋስኩ።

አንባቢዬ፣ ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ራሱን ወገብ ታማሚ አድርጎ በአስፋልት ዳር መስቀል ምን ማለት እንደሆነ አንተ አታውቀውም። ሁለት ጊዜ ቅንድቡን ወደ ቁጣ ላወርደው ቃጣሁ። ግን ሙያ ሙያ ነው፤ ወደ ላይ አወጣሁት። እሳቱንም አልቀነስኩም።

የታፔላው ጀርባ ባዶ ነበር። ከባቲና ከኮምቦልቻ የሚመጣው መኪና የሚያየው ጀርባውን ነው። ዘይነባን አስመጣሁና "እንደ ባቲ ሁኚ" አልኳት። ቆመች።

"ሳሙና አለ?"

"የለም።"

"ድስት?"

"የለም።"

ግራ እጇን ወገቧ ላይ አሳረፈች። ፊቷን ለማሳመር ዓይኗ ሥር ያሉትን መስመሮች ዘለልኳቸው። መሰላሉን ነቀነቀችው። "መልሳቸው! እነሱን ያስገባቸው የባቲ ፀሐይ ነው፤ በነፃ አልገቡም።" መለስኳቸው። ቅንድቧን ወደ ታች አወረድኩ። ከፊቷ አንድ ገዢ እጁን ዘርግቶ ሲሸነፍ ሳልኩ፤ ከሥር "ዋጋው ይኸው ነው" ብዬ ጻፍኩ። እሷን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አትኩሬ አይቻት አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ያህል ትታይ ነበር ማለት ነው፤ የምታየው ዓይን ነበር የጠፋው።

ጠያቂው ከመንጋቱ እኔ ቤት መጣ። ሸህ ኑርዬም ደረሱ። ለሁለተኛ ወዳጃ ከመስማማታቸው በፊት ጆሮዬ ጋ ጠጋ አሉ።

"በሐሰት ዱዓ አላደርግም። እውነት ወገብህ ነው ወይስ ኩራትህ?"

"ኩራቴ ነው ሸሄ።"

"እንግዲያው ጫት ጨምሩ" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው፣ "የዚህስ ሕመም የቆየ ነው።"

ሰኞ ደረሰ። አይሱዙው ላይ ወጣሁ፤ ባቲ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ወረድኩ። ፍየል መሃል ተቀምጦ የሄደ ሰው ለመጎንበስ ብዙ አይቸገርም። ሃመዱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሮጠ። "ለካ አንተ ነህ! ወሬው መንገድ ላይ ሚስትህን ነካክቶ መጣ። እኔን፣ ወንድሜን!" ዳጉ ስህተቱን አርሞ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ወተቱን ለእኔ ሰጠኝ። ድንጋዩ ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ ወደ ዘይነባ ዞረና ክርክር ጀመረ፤ ተጯጯሁ፣ ማሉ፣ ፍየል ጥርሷ ታየ። ዘይነባ ግራ እጇን ወገቧ ላይ አሳረፈች።

ሃመዱ እጇን አየ። እኔን አየ፤ እኔ በሙሉ ችሎታዬ አቃሰትኩ። መልሶ እጇን አየ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና "እሺ" አለ።

እንግዲህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያከናወንኩትን ልዘርዝር፤ ሌላ የሚዘረዝርልኝ ስለማይገኝ። አንድ ጤነኛ ሴት በሁለት የብሩሽ ምት አሳምሜ፣ በሁለት የብሩሽ ምት አድኛለሁ፤ ይህን ሐኪም አላደረገውም። በአንድ ላሜራ ላይ ሦስት ሕመምተኛና አንድ ጤነኛ አውጥቻለሁ። በዚያው ሰሞን ሁለት ወዳጃ በቤቴ እንዲደረግ አድርጌያለሁ፤ ማሩንም አልመለስኩም። ሸህ ኑርዬን ለግማሽ ቀን ወገብ አሳምሜ በሰላም መልሻለሁ። ስሜን በዳጉ እስከ ቆላ አድርሻለሁ። ገበሬዎቹ ፍየላቸውን መልሰው እንዲያመጡ አስችያለሁ። ሚኒባሶቹ ዛሬ "ኢንጅነር ወገብ ጋ ወራጅ አለ" ይላሉ፤ በስሙ ፌርማታ የተሰየመለት ሌላ የከሚሴ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላትን ሴት ሳሙና ሳላስይዝ፣ ድስት ሳላስይዝ ታፔላ ላይ አውጥቻለሁ። በመጨረሻም፣ ከባቲ በተመለስን ማግስት ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ "ለመሆኑ ወገብህ ከዳነ ሰኞ ሰኞ አብረኸኝ እየሄድክ ፍየል ትጭናለህ?" አለችኝ። ግራ እጇን አየሁት። ያለበትን አይቼ ሳልከራከር "እጭናለሁ" ብያለሁ።